«ያለ ጫት አልጽፍም» የሚለውን እምነት ከጭንቅላቴ እንዴት ላውጣው?

የቀበናው ኦዲተር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፤ ታገሱኝ።

ኦዲተር ነኝ። ሥራዬ ቁጥር ማየት ብቻ አይደለም፤ ሪፖርት መጻፍም አለበት። ጫት የጀመርኩት ግቢ እያለሁ፣ የፈተና ሰሞን ነው። ያኔ ዶርም ውስጥ ማን የማይቅም ነበር? ከዚያ ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ትዳርም መጣ። ጫቱ ግን አብሮኝ ቀጠለ። አሁን የምቅመው ለጨዋታ አይደለም፤ ለመሥራት ነው። ብዙ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤት ነው የምሠራው። ምሳ በልቼ 8 ሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ ወደ ታክሲ ማዞሪያው ይወስደኛል። እዚያ ጥግ ላይ የሚሸጥ ልጅ አለ፤ ገና ከሩቅ ሲያየኝ በለጬውን ያወጣልኛል። ለውዝና ኮካ ይዤ ቤት እገባለሁ፣ ላፕቶፑን እከፍታለሁ። ጫቱ ካለ እጽፋለሁ። ከሌለ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ እውላለሁ።

ለማቆም ሞክሬ አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ፣ ድብርት፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ዱካክ። እሱን እንኳ እችለዋለሁ። የሚጥለኝ ሌላ ነው። ሪፖርት የማስረክብበት ቀን ሲቃረብ ውስጤ ያለ አንድ ድምፅ «አንተ ያለ ጫት ምንም አትጽፍም» ይለኛል። አምነዋለሁ። ባለቤቴ «ግቢ ከመግባትህ በፊት በምን ትጽፍ ነበር?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ሃይስኩል እያለሁ ድርሰት ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ግን ይህን ማወቄ ምንም አልቀየረልኝም።

ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ድብቁን አእምሮ ስለመቀየር ብዙ ነገር እያየሁ ነው። አንዱ በ21 ቀን ይቀየራል ይላል። ሌላው ጠዋት መስታወት ፊት ቆመህ «እኔ ከጫት ነፃ ነኝ» እያልክ መቶ ጊዜ ድገም ይላል። ተኝተህ የምትሰማው ቅጂ የሚሸጥም አለ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። አንጎል እውነት እንደገና ይሠለጥናል? ከሠለጠነስ በየትኛው መንገድ? የሞከራችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ እስቲ በሉኝ።

ብሩህ ነገ፦

ወንድሜ አይዞህ! እኔ ሲጋራ ያቆምኩት በዚሁ በ21 ቀን ዘዴ ነው። ካላንደር ላይ በየቀኑ ምልክት እያደረግኩ። ወሳኙ ቁርጠኝነት ነው። አንጎል የደጋገምክለትን ያምናል፤ ስለዚህ መስታወቱንም አትናቀው። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል እንጂ በኋላ ትለምደዋለህ። ዛሬውኑ ጀምር፤ ነገ አትበል።

የእመቤቴ ልጅ፦

ወንድማችን፣ የእኔ ምክር አጭር ነው። ፀበል ግባ። የአክስቴ ልጅ ከአንተ የባሰ ቃሚ ነበር። ሁለት ሱባኤ ይዞ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። ሰው በራሱ ጉልበት ብቻ ሱስን አያሸንፍም። እግዚአብሔር ይርዳህ።

ሲስተር ከጅማ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ጅማ ነው የምሠራው፤ ጫት ከጓሮ የሚቀነጠስበት አካባቢ ማለት ነው። እንደ አንተ ያለ ነገር ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሳላይ የምውልበት ሳምንት የለም። ተማሪ፣ ሾፌር፣ መምህር፣ የጤና ባለሙያም ሳይቀር። ብዙዎቹ «ጫት እወዳለሁ» አይሉም። «ያለ እሱ አልሠራም» ነው የሚሉት። ስለዚህ የያዝከው ጫፍ ትክክለኛው ነው። ልማዱ አንድ ነገር ነው፣ እምነቱ ሌላ። አንዱን ብቻ ነክተህ ሌላውን ከተውከው ይመለሳል።

አጭሩ መልሴ ይኸውልህ። አዎ፣ አንጎል እንደገና ይሠለጥናል። በንግግር ብዛት ግን አይሠለጥንም። «ያለ ጫት አልጽፍም» የሚለውን እምነት የሚያፈርሰው ያለ ጫት የተጻፈ ገጽ ነው። ደግሞ አንድ ገጽ አይበቃውም፤ ብዙ ገጽ፣ በተለያየ ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ። ቀሪው ሁሉ ያንን ገጽ እንዴት እናግኘው የሚል ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ 21 ቀኑን ከመንገዳችን እናንሳው። ቁጥሩ የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። በ1960 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ባሳተመው መጽሐፍ፣ ፊታቸውን ያስተካከሉ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን እስኪለምዱት ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። የሱስ ነገር አልነበረም። «ቢያንስ» ያለው ደግሞ በኋላ ተረሳ። ልማድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ቁጭ ብለው የለኩት የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጇ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ናቸው። በ2009 ባወጡት ጥናት 96 ሰዎች ተሳተፉ። እያንዳንዱ አንድ ቀላል ነገር መረጠ፤ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ከእራት በፊት ትንሽ መሮጥ ዓይነት። ነገሩ ሳይታሰብ በራሱ የሚመጣ እስኪሆን መካከለኛው ሰው ላይ 66 ቀን ፈጀ። ፈጣኑ 18 ቀን፣ የዘገየው ደግሞ ወደ 254 ቀን ተገመተለት። ያውም ፍራፍሬ መብላት ነው እንጂ ጫት መተው አይደለም!

ከዚያ ጥናት አንድ ነገር ያዝልኝ። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን አላበላሸውም። የ21 ቀን ቆጠራ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በ22ኛው ቀን ሐራራ ሲመጣበት «እኔ ላይ አልሠራም፣ እኔ የተበላሸሁ ነኝ» ብሎ ይተወዋል። ብሩህ ነገ፣ ሲጋራ በማቆምህ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ካላንደሩ የረዳህም ይመስለኛል፤ ምልክቱን ስታይ ማስረጃ እየሰበሰብክ ነበርና።

አሁን ወደ ጫቱ እንምጣ። ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል። የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ አቅሙ ወደ ደከመ ሌላ ነገር ይለወጣል። ነጋዴዎቹ ኮባ ውስጥ ጠቅልለው፣ ውሃ እየረጩ፣ መኪናውን እንደዚያ የሚያከንፉት ለዚህ ነው። የአንተ አንጎል ለዓመታት 8 ሰዓት ሲሆን ይህን ግፊት ከውጭ ሲቀበል ኖሯል። ሲቋረጥበት ይወድቃል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ሁሉ ነገር ይደብራል፣ ዱካኩም ይመጣል። ብዙው በቀናት ውስጥ ይረግባል፤ ድካሙና ድብርቱ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ወጥመዱን እዚህ ጋ ተመልከተው። «ያለ ጫት እጽፋለሁ ወይ?» ብለህ ራስህን የምትፈትነው መቼ ነው? ባቆምክ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን፣ የማስረከቢያ ቀን አንገትህን ይዞህ። በዚያ ሁኔታ ማን ይጽፋል? አትጽፍም። ከዚያ ትገዛለህ፣ ትቅማለህ፣ ሦስት ገጽ ይወጣል። አንጎልህም ይመዘግባል፦ «አየህ፣ አልኩህ!» ጫቱ ግን የሰጠህ ችሎታ የለም። ራሱ የወሰደብህን ንቃት ነው ለጥቂት ሰዓት የመለሰልህ። አንተ እንደ ስጦታ ቆጠርከው። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ነው እምነቱ እንዲህ ሥር የሰደደው። ድብቅ አእምሮ የሚባለው ነገር ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ሳታስተውለው በተሰበሰበ ማስረጃ የተሠራ ግምት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለፍርድ አታቅርባቸው። ምንም ባትጽፍ ስለ አንተ የሚናገሩት ነገር የለም። ሥራ የሚበዛብህን ወቅት ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሰኔ 30 በጀት ተዘግቶ የሐምሌው ግርግር ከጀመረ በኋላ አቆማለሁ ብትል ወደ ወጥመዱ በራስህ እግር መግባት ነው። ረገብ ያለ ወር ፈልግ።

ሁለተኛው ልማዱ ራሱ ነው። አን ግሬቢየል የምትባል የኤምአይቲ ተመራማሪ አይጦችን ጫፉ ላይ ግራና ቀኝ በሚከፈል መተላለፊያ ውስጥ እያስሮጠች አንጎላቸውን ለዓመታት ስትከታተል ኖራለች። ያየችው ቤዛል ጋንግሊያ የሚባለውን፣ ልማድ የሚከማችበትን የአንጎል ክፍል ነው። አይጧ መንገዱን ገና ስትማር፣ የነርቭ ሕዋሶቹ ከመነሻ እስከ መድረሻ ይንጫጫሉ። ከለመደችው በኋላ ግን ጫጫታው ሲጀምርና ሲያልቅ ብቻ ይሆናል። መሃሉ ዝም ይላል። አንተ «እግሬ ራሱ ይወስደኛል» ያልከው ይህን ነው። በለጬው ፊት ቆመህ ከራስህ ጋር ስትሟገት የምትሸነፈው ወኔ አጥተህ አይደለም፤ ሙግቱ ዘግይቶ ነው የጀመረው። መነሻውን ፈልገው። እኔ እንደምገምተው ማዞሪያው አይደለም። ምሳው ሊሆን ይችላል። ከምሳ በኋላ «የት ነህ?» ብሎ የሚደውል ጓደኛም ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ቀናት ምንም ሳትቀይር ዝም ብለህ ራስህን ተከታተል።

ካገኘኸው ለእሱ ብቻ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ጻፍለት። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለውን ዓይነት ዕቅድ አጥንቷል። በ2006 ከባልደረባው ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩት፣ እንዲህ ያቀዱ ሰዎች ዓላማ ብቻ ከያዙት በግልጽ ይበልጡ ነበር። «ጫት አልቅምም» ዕቅድ አይደለም። «የምሳውን ሂሳብ ስከፍል በማዞሪያው ሳይሆን በወንዙ በኩል ወደ ቤት እሄዳለሁ» ይህ ዕቅድ ነው። «ጓደኛዬ ሲደውል፣ ማታ 12 ሰዓት እንገናኝ እለዋለሁ» ይህም ዕቅድ ነው። ቀድመህ የወሰንከው ነገር እዚያ ቦታ ላይ አዲስ ጉልበት አይጠይቅህም።

አሁን ዋናው፣ እምነቱ። በመስታወቱ ነገር አልስማማም። ጆአን ውድ የምትባል የካናዳ ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2009 አንድ ጥናት አወጡ። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን እንዲደጋግሙ ሲደረግ፣ ካልደጋገሙት ይልቅ ስሜታቸው ባሰ። ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ናቸው ትንሽ የተጠቀሙት። መድኃኒቱ የሠራው ላልታመመው ነው ማለት ነው። ምክንያቱ አይገርምም። አንተ «ከጫት ነፃ ነኝ» ስትል ውስጥህ «ትናንት ማታስ?» ይልሃል። መቶ ጊዜ ስትል መቶ ጊዜ ይመልስልሃል። ለተቃራኒው መቶ ጊዜ መናገሪያ ዕድል ሰጠኸው።

ተኝተህ የምትሰማውንም ገንዘብህን አትስጥበት። በ1950ዎቹ የአንጎል ሞገድ እየለኩ የፈተሹ ተመራማሪዎች፣ ሰው በእርግጥ ከተኛ በኋላ የሚነበብለትን ትምህርት እንደማይዝ አይተዋል። እንቅልፍ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ቀን የሠራኸውን፣ የተለማመድከውን ሌሊት ያጸናልሃል። በጆሮ ማዳመጫ ተረብሾ ከሚያድር እንቅልፍ ይልቅ ጥሩ እንቅልፍ ይበልጥ ያሠለጥንሃል።

እኛ የምንሠራው እንዲህ ነው። አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ካስጀመረው የኮግኒቲቭ ሕክምና የመጣ ነው። ተራ ደብተር ግዛ። ከመጻፍህ በፊት ግምትህን አስቀምጥ፦ «ዛሬ ያለ ጫት አንድ አንቀጽ አልጽፍም። እርግጠኛነቴ ከመቶ 90።» ይህን በሐቀኝነት ጻፈው፤ አታሳምረው። ከዚያ ሙሉ ሪፖርት አትጀምር። አንድ ግኝት ብቻ ምረጥ። ምን እንደተገኘ ጻፍ፣ በየትኛው መመሪያ እንደሚመዘን ጻፍ፣ እዚያ ላይ ቁም። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሲያልቅ ከግምቱ ሥር የሆነውን ጻፍ፦ ስንት መስመር ወጣ፣ ሐራራው ከአሥር ስንት ነበር፣ መቼ ጨመረ፣ መቼ ቀነሰ። በማግስቱ እርግጠኛነትህን እንደገና ጠይቀው። 90 የነበረው 85 ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። ማስረጃ መመዘን ሙያህ ነው። ይህን እምነት ግን እስከ ዛሬ ሰነድ ጠይቀኸው የምታውቅ አይመስለኝም።

ሌላም አለ። በምርቃና የጻፍከውን አንድ ረቂቅ አውጣና ጠዋት፣ ቁርስ በልተህ፣ በእስክሪብቶ አንብበው። ይህን ለብዙ ሰው አዝዣለሁ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ተመሳሳይ ነው። ገጹ ብዙ ነው። ሐሳቡ ግን ይዞራል፤ አንዱ ነጥብ በሦስት ቦታ በሌላ ቃል ይመጣል። ዳር ላይ ትልልቅ ዕቅዶች ተጽፈዋል፣ ቀስት ተሰምሯል፣ ማታ እጅግ ብሩህ የመሰለ ነገር ጠዋት ትርጉሙ ይጠፋል። ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ ነው አልልህም። የአንተ እንዴት እንደሆነ ግን ማየት አለብህ። «ጫት ያጽፈኛል» ስንል ብዛቱን ነው የምናስበው፤ ጥራቱን ማንም አይቆጥርም።

የእመቤቴ ልጅ፣ ያልሽውን አልቃወምም። ፀበል የሚሄድ ሰው እምነቱ ብርታት ይሆነዋል፣ ከሚቅምበት ክፍልና ከጓደኞቹም ይርቃል፣ የቀኑ ሥርዓት ይቀየራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የማሳስበው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት ያለው ሰው እዚያም ሆኖ አያቋርጥ። ደግሞ ሲመለስ ማዞሪያው እንዳለ ይጠብቀዋልና ለመመለሻው ቀን ይዘጋጅ።

በመጨረሻ ይህን ሳልል አላልፍም። ድብርቱ ከጠናብህ፣ ሰው የሌለበት ድምፅ ከሰማህ፣ የሚከታተሉህ ከመሰለህ፣ ወይም መኖር ካስጠላህ፣ ደብተሩን ተወውና ሐኪም ዘንድ ሂድ። አዲስ አበባ ከሆንክ አማኑኤል የሱስ ሕክምና አለ። በየከተማው ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው።

ከለንደን፦

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔም አንድ ነገር ልጨምር።

ለንደን የመጣሁት ጫት ሕጋዊ በነበረበት ጊዜ ነው። በአውሮፕላን ትኩሱን ያመጡት ነበር፣ አብዛኛው ከኬንያ። መፍረሽ የሚባሉ ቤቶች ነበሩ፤ ሶማሌው፣ የመኑ፣ ሐበሻው አንድ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቅምባቸው። ከሥራ ወጥቼ ቀጥታ እዚያ ነበር የምገባው። በፈረንጆቹ ሰኔ 2014 እንግሊዝ ከለከለችው። መፍረሾቹ ተዘጉ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጫት ትዝ የማይለኝባቸው ቀናት መጡ። ምንም ሥልጠና አልወሰድኩም፣ ምንም አልደጋገምኩም። ቦታው ሲጠፋ ሐራራውም አብሮ ጠፋ። ተገላገልኩ ብዬ ደመደምኩ።

ከዓመታት በኋላ ለእረፍት ድሬዳዋ ገባሁ፣ የተወለድኩበት። በማግስቱ ከሰዓት፣ ያ ሙቀት፣ የተረጨው ግቢ፣ ፍራሹ፣ የአጎቴ ልጆች። ሐራራው ትናንት የተውኩት ያህል መጣ። እጄ ላይ ገራባ ሳይ ነው የነቃሁት። ለንደን ስመለስ ደግሞ ዝም አለ። ሲስተር፣ ይሄ ምን ይባላል? አንጎሌ ሠልጥኖ ነበር ወይስ አልሠለጠነም?

ሲስተር ከጅማ፦

የለንደኑ ወንድሜ፣ ሠልጥኖ ነበር። ግን ለለንደን ነው የሠለጠነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይሄ ነው። አዲስ ነገር ስንማር አሮጌው አይሰረዝም። አዲስ አበባ ላይ አዲስ መንገድ ሲከፈት የድሮው አስፋልት ከሥፍራው እንዳለ እንደሚቆየው ነው፤ መኪናው በአዲሱ ይሄዳል፣ አዲሱ ሲዘጋ ግን ወደ ድሮው ይመለሳል። ፓቭሎቭ ራሱ ውሾቹ ላይ ይህን አይቶታል፤ ጠፋ የተባለው ልማድ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ብቅ ይላል። ከእሱ በኋላ ማርክ ቡተን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ቦታ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በደንብ አሳየ። እንስሳው አንድ ክፍል ውስጥ የተማረውን ምላሽ ሌላ ክፍል ውስጥ ሲያስተዉት ይተዋል። ወደ መጀመሪያው ክፍል ሲመልሱት ግን ምላሹ ይመለሳል።

በሰው ላይ ትልቁ ማሳያ ቬትናም የዘመቱት የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ የተመለሱትን ተከታትላለች። ከወታደሮቹ ከመቶ 20 ያህሉ እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱስ ውስጥ የገቡት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ያንን ጊዜ ብዙ ሰው ለማመን ተቸግሮ ነበር። ያ ጫካ፣ ያ ጓደኛ፣ ያ ፍርሃት አገራቸው አልተከተላቸውም። የአንተ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ለንደን የሄድክበት ነው፤ ድሬዳዋ የተማርክበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄድ ከመነሳትህ በፊት ዕቅድህን ጻፍ። ለአጎትህ ልጆች ከወዲሁ ደውለህ ንገራቸው፤ እዚያ ፍራሽ ላይ ተቀምጠህ እምቢ ማለት ከባድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ከሰዓቶች ሌላ ነገር ያዝባቸው። ድሬዳዋ ላይ ሳትቅም ያለፈ እያንዳንዱ ከሰዓት ለንደን ካሳለፍከው ወር ይበልጥ ያስተምርሃል።

የቀበናው ኦዲተርም ከዚህ የምትወስደው አለ። አንተ አገር አትቀይርም። የሚጠቅምህ ልምምድ እዚያው ቤት፣ እዚያው ጠረጴዛ፣ እዚያው 8 ሰዓት ላይ የሚደረገው ነው። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ብትጀምር ይቀልሃል። ቤተ መጻሕፍት ሂድ፣ ካፌ ተቀመጥ። ግን እዚያ ላይ አትቅር። ወንበሩን አዙረው፣ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠጋው፣ ቀስ ብለህ ወደ ራስህ ክፍል ተመለስ።

የቀበናው ኦዲተር፦

ሲስተር፣ ቃል አጣሁ። እንዳልሽኝ ምንም ሳልቀይር ራሴን ስከታተል ሰነበትኩ። ያገኘሁት ነገር እኔንም ገርሞኛል።

መነሻው ምሳው አይደለም። ስልኩም አይደለም። ጠዋት ነው። ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ስከፍት ረቂቁ ይመጣል፤ ወዲያው «ይህንን ከሰዓት እጽፈዋለሁ» እላለሁ። ከዚያ ኢሜይል መመለስ፣ ቁጥር ማመሳከር፣ ስብሰባ። የሚጻፍ ነገር ሁሉ ለ8 ሰዓት ይቀመጣል። ከሰዓት እጽፈዋለሁ ማለት ለካ ቅሜ እጽፈዋለሁ ማለት ነው። ጫቱን የገዛሁት በ3 ሰዓት ጠዋት ነው ማለት ነው፣ ገንዘቡን የከፈልኩት ብቻ 8 ሰዓት ላይ ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ ጠዋት ላይ ተቀምጬ ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ ያለ ጫት እችል እንደሆነ አንቺም እኔም አናውቅም፤ ተሞክሮ አያውቅም።

ረቂቄንም አነበብኩት። የአንድ የግዥ ምርመራ ሪፖርት ነው። ማታ ስጽፈው ያንን ምዕራፍ ወድጄው ነበር። ጠዋት ስቆጥረው አንዱ ግኝት፣ ያለ ጨረታ የተፈጸመ ግዥ ነው፣ በሦስት የተለያየ አርዕስት ሥር ተጽፏል። የማሻሻያ ሐሳቡ ከግኝቱ ይረዝማል። አለቃዬ ሁልጊዜ «አሳጥረው» የሚለኝ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ማታ ማታ ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ እላለሁ፤ ቢራ ነው። ጫቱን ስተው እሱስ? ሁለተኛ፣ ቡና ልጨምር ወይስ እሱንም ልተው?

ሲስተር ከጅማ፦

«ከሰዓት እጽፈዋለሁ» ያልከውን ሳነብ ደስታዬን አልደብቅህም። ከእኔ ግምት በጣም የተሻለ ነው። እኔ ምሳ ላይ ነበር የምፈልገው፤ አንተ ቀድመህ ሄድክ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕቅድህ በራሱ ተጻፈ፦ «ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ ኢሜይል ከማየቴ በፊት አንድ ግኝት እጽፋለሁ።» ጠዋት ላይ ሐራራው ራሱ ገና አልነቃም። የምታገኘው ማስረጃም ንጹሕ ይሆናል። ቀስ ብለህ ወደ ከሰዓቱ ትመጣለህ። ከዛሬ ጀምሮ፣ ጫቱን ከማቆምህ በፊትም፣ ይህን ማድረግ ትችላለህ። እንዲያውም እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ጫቱን የምትተውበት ቀን ሲደርስ ያለ እሱ የተጻፉ ገጾች በእጅህ ይኖራሉ።

ጨብሲውን አብረህ አቁመው። ቢራው የጫቱ ተከታይ ነው፤ ምርቃናው ከሌለ የሚያወርደው ነገር የለም። በአብዛኛው ሰው ላይ አብሮ ይቀንሳል። ግን በየቀኑ ብዙ የምትጠጣ ከሆነ፣ ሳትጠጣ ስትቀር እጅህ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልብህ ከሆነ፣ በአንዴ እንዳታቆም። መጀመሪያ ሐኪም ይይህ፤ የአልኮል ነገር እንደ ጫቱ አይደለም፣ በድንገት ሲቋረጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ቡናህን ጠጣ። ቁርስ ላይና ረፋድ ላይ አድርገው። ጫቱን ባቆምክበት ሰሞን «ይተካልኛል» ብለህ ከሰዓት በኋላ አትጨምርበት፤ እንቅልፍህን ይነጥቅሃል፣ በዚያ ወቅት ከምንም በላይ የምትፈልገው እንቅልፍ ነው። ዱካኩ ሲመጣ ደግሞ አትደንግጥ። አንጎል ተጨቁኖ የነበረውን ሕልም ሲያወራርድ ነው፤ ያልፋል። ለባለቤትህ ከወዲሁ ንገራት፤ ሌሊት ስትጮህ እንዳትደነግጥ።

ደብተሩን ስትጀምር የመጀመሪያውን ሳምንት ግምትና ውጤት እዚሁ ጻፍልን። የለንደኑ ወንድማችንም የጉዞውን ቀን ሲቆርጥ ያሳውቀን፤ የአጎት ልጆችን ስልክ ላይ ምን እንደሚላቸው አብረን እናርቅቃለን።

የቀበናው ኦዲተር፦

ሰኞ ጠዋት እጀምራለሁ። ባለቤቴ ደብተሩን ገዝታልኛለች። የመጀመሪያውን ግምት አሁን ጻፍኩት፦ «በ3 ሰዓት ላይ አንድ ግኝት አልጨርስም። ከመቶ 80።»